ስሙ አንድ፣ አባቱ ሁለት



የዚህ ምሽት አዘጋጆች ደውለው «በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ኮድ ስለመቀየር ተናገርልን» ሲሉኝ ሳቅ አመለጠኝ። ስለዚህ ነገር ከማውቀው አብዛኛውን ያስተማረኝ አንድ ሌሊት ነው፤ ያንን ሌሊት አስታውሼ ነው የሳቅሁት። ቢሆንም ግብዣ ግብዣ ነውና መጥቻለሁ፤ አመሰግናለሁ።

ርእሴ ጠባብ ነው። ሰርቨሩ ሳይቆም ኮድ ሪሎድ ስናደርግ፣ ከአንድ በላይ ወላጅ የሚወርሱ ክላሶች ምን ይደርስባቸዋል? የምናገረው ስለ ፓይተን ነው፤ እንጀራዬ እሱ ስለሆነ። በመጀመሪያ ያንን ሌሊት እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ ምክንያቱን እፈታለሁ፤ ይህኛው ክፍል ረዘም ይላልና ታገሡኝ። በመጨረሻ ችግሩ እንዴት እንደሚታወቅና ምን እንደሚደረግለት እናያለን።

እንግዲህ ታሪኩ።

ከዓመታት በፊት ለአንድ የብድርና ቁጠባ ድርጅት፣ ስሙ ይቆየን፣ ሶፍትዌር እንጠግን ነበር። ሰርቨሩ ቀን ከሌት ይሠራል። ማቆም ማለት የየቅርንጫፉን ገንዘብ ተቀባይ ስልክ ባንድ ጊዜ ማስተናገድ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ልጆች ታዲያ አንዲት የጓዳ በር ትተውልናል። በእሷ ገብቶ ሰርቨሩን «ይህን ሞጁል ሪሎድ አድርግ» ማለት ይቻላል፤ እሱም ሥራውን ሳያቋርጥ አዲሱን ፋይል ያነብባል። ይህችን በር ስናገኝ የወርቅ ማዕድን ያገኘን ነበር የመሰለን።

አሁን ሦስት ፋይሎች ያዙልኝ፤ እስከ መጨረሻው አብረውን ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ፋይል «ሒሳብ» የሚባል ክላስ አለ፤ ገንዘብ ያስገባል፣ ያወጣል፣ የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጣል። በሁለተኛው «መዝጋቢ» አለ፤ ሒሳብን ይወርሳል፣ የተደረገውን ሁሉ መዝገብ ላይ ካሰፈረ በኋላ ሥራውን ወደ ላይ ያስተላልፋል። በሦስተኛው «ቁጠባ» አለ፤ እሱ ከሁለቱም ይወርሳል፤ በቅንፉ ውስጥ መዝጋቢ ቀድሞ ሒሳብ ይከተላል። በነገራችን ላይ ፓይተን 3 የክላስን ስም በራሳችን ፊደል መጻፍ ስለሚፈቅድ፣ ይህን ምሳሌ ቤታችሁ ገብታችሁ እንዳለ ብትጽፉት ይሠራል።

የዚያን ቀን ማታ የመጣው አቤቱታ ቀላል ነበር። አነስተኛ ተቀማጭ ካላቸው ደንበኞች መቆረጥ የሌለበት ክፍያ እየተቆረጠ ነው። ስህተቱ ሒሳብ ውስጥ ነበር፤ አንድ መስመር። አስተካከልኩ። በጓዳዋ በር ገባሁና ሒሳብን ሪሎድ አደረግሁ፤ ቀጥዬ ቁጠባን። መዝጋቢን አልነካሁትም፤ ምን ቀየርኩበትና?

አዲስ የሙከራ ደብተር ከፍቼ ሞከርኩ። ክፍያው ተቆረጠ። ፋይሉን ከፍቼ አየሁ፤ እርማቱ ቁጭ ብሏል። ደግሜ ሪሎድ አደረግሁ። ተቆረጠ። አራት ጊዜ ደጋገምኩት። እንዲያውም ሆን ብዬ ኤረር አስነሳሁና ትሬስባኩን ሳነብ፣ ስህተቱ ተፈጠረበት የተባለው መስመር ኮሜንት ነበር! ኮሜንት ኤረር ሲያመጣ ያየ ሰው አለ? ያኔ በራሴ ዓይን መጠራጠር ጀመርኩ።

የኮሜንቱን ነገር አሁኑኑ ልፍታላችሁና እንለፈው። ፓይተን ስህተቱን ሲነግራችሁ የመስመር ቁጥሩን የሚያመጣው ከሮጠው ኮድ ነው፤ የመስመሩን ጽሑፍ ግን ከፋይሉ ላይ ነው የሚያነበው። የሮጠው ኮድ አሮጌ፣ ፋይሉ አዲስ ከሆነ፣ ቁጥሩና ጽሑፉ አይገናኙም። ስለዚህ ትሬስባክ ኮሜንት ወይም ባዶ መስመር ላይ ጣቱን ከቀሰረ፣ እየሮጠ ያለው እናንተ የምታዩት ኮድ አለመሆኑን እየነገራችሁ ነው። ይህን ምልክት አትርሱት፤ እኔን አንድ ሌሊት አስከፍሎኛል።

ወደ ምክንያቱ እንግባ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ከሪሎድ እንጀምር። በፓይተን ክላስ ማለት ፋይሉ ሲነበብ የሚፈጸም ትእዛዝ ነው፤ በተፈጸመ ቁጥር አዲስ የክላስ ኦብጀክት ይሠራል። ሪሎድ የሚያደርገው ያንኑ ፋይል እንደገና ማስፈጸም ነው። የሞጁሉ ኦብጀክት አይቀየርም፤ በውስጡ ያለው «ሒሳብ» የሚለው ስም ግን አሁን አዲስ ወደተሠራው ክላስ ያመለክታል። አሮጌውስ? ጨርሶ አልጠፋም። ቀድሞ ያወቀው ሁሉ እንደያዘው አለ። መዝጋቢ ሲፈጠር ወላጄ ብሎ የያዘው ያንን አሮጌውን ነው፤ እስካሁንም አልለቀቀውም።

ሁለቱም ስማቸው ሒሳብ ነው። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ፋይል ነው። በስክሪን ላይ ሲታተሙ በፊደል እንኳ አይለያዩም። ቀበሌ ሄዳችሁ አንድ የተለመደ ስም ከነአባት ስም ብትጠሩ ስንት ሰው ብድግ ይላል? ጸሐፊዋ የምትለየው በመታወቂያ ቁጥር ነው። ፓይተንም ክላስን የሚለየው በስም አይደለም፤ እያንዳንዱ ኦብጀክት የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ የሚያየው እሱን ነው። እኔና እናንተ ግን ስም እናነባለን። የዛሬው ንግግሬ ነገር ሁሉ እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ወላጅ ብቻ ቢኖር ነገሩ ይህን ያህል አያስቸግርም ነበር። ልጁ ወይ ከአሮጌው ጋር ነው ወይ ከአዲሱ፤ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወላጆች ሲበዙ ግን አሮጌውና አዲሱ በአንድ ልጅ የዘር ሐረግ ውስጥ ጎን ለጎን ሊገቡ ይችላሉ። እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ።

ከእናንተ መካከል ለጋብቻ ሰባት ቤት የተቆጠረለት አለ? አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ በእናትም በአባትም ወገን መውጣት ነው። የሚፈለገው ሁለቱ ሐረጎች የሆነ ቦታ አንድ ሰው ላይ መገናኘታቸውን ማወቅ ነው፤ ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። ሰው በእናቱም በአባቱም ወገን ርስት በሚጠይቅበት ዘመንም ሙግቱ ይኸው ቆጠራ ነበር። ፓይተን ይህንኑ ይቆጥራል፤ ልዩነቱ፣ ሐረጎቹ ቢገናኙም ጋብቻውን አይከለክልም። ሁሉንም ዘመድ በአንድ ሰልፍ ያሰልፍና ሜተድ ሲጠራ ከሰልፉ መጀመሪያ አንስቶ «አንተ ጋ አለ? አንተስ?» እያለ ይወርዳል። ይህ ሰልፍ ኤምአርኦ ይባላል።

ሰልፉን የሚያወጣው ስሌት ሲ3 ነው። በ1996 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዲላን ለሚባል ቋንቋ የቀረበ ነው፤ ፓይተን በ2003 በወጣው 2.3 ወሰደው። ሕጉ ልጅ ከወላጁ ይቀድማል ይላል፤ በቅንፍ ውስጥ የተጻፈው ቅደም ተከተል ይከበራል፤ እያንዳንዱም ዘመድ አንዴ ብቻ ይሰለፋል። እነዚህን አንድ ላይ ማሟላት ካልተቻለ ክላሱ አይፈጠርም፤ ፓይተን ወጥ የሆነ ሰልፍ ማውጣት አልቻልኩም ብሎ ያቆማል።

ሁሉም ሲደላደል የቁጠባ ሰልፍ ቁጠባ፣ መዝጋቢ፣ ሒሳብ፣ ከላይ ደግሞ የሁሉም ሥር የሆነው ኦብጀክት ነው። እኔ በዚያ ሌሊት ሒሳብንና ቁጠባን ብቻ ሪሎድ ሳደርግ ምን ተሰለፈ? ቁጠባ፣ መዝጋቢ፣ አሮጌው ሒሳብ፣ አዲሱ ሒሳብ፣ ኦብጀክት። «አንዴ ብቻ» የሚለው ሕግ አልተጣሰም፤ ለፓይተን እነዚህ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። መዝጋቢ ከራሱ ወላጅ መቅደም ስላለበትና በቅንፉ ፊተኛ ስለሆነ፣ የእሱ ወላጅ የሆነው አሮጌው ቀደመ። ክፍያ ቁረጥ ሲባል መዝጋቢ መዝግቦ ወደ ላይ አስተላለፈ፤ አሮጌው ተቀብሎ ቆረጠ፤ አዲሱ ከኋላ ቆሞ ተራው ሳይደርስ ቀረ። እርማቴ ሰርቨሩ ውስጥ ነበር፣ ሰልፉም ላይ ነበር፣ ግን ማንም አልጠራውም። አራት ጊዜ ሪሎድ ባደርግም አራት ጊዜ ከኋላ አቆምኩት።

አሁን እንግዲህ ይኸው አንድ በሽታ በሌላ መልክ ሲመጣ ላሳያችሁ።

ሰርቨሩ ውስጥ ከሪሎዱ በፊት የተፈጠሩ ኦብጀክቶች አሉ። «ይህ ኦብጀክት ሒሳብ ነው ወይ?» ብላችሁ በኢዝኢንስታንስ ስትጠይቁ አይደለም ይላል፤ ስታትሙት ግን ሒሳብ ብሎ ይታተማል። ኤክሴፕሽን ላይ ደግሞ ይብሳል። «ገንዘብ አነሰ» የሚባለው ኤክሴፕሽን ሒሳብ ፋይል ውስጥ ነው የተጻፈው፤ የገንዘብ ተቀባዩ ገጽ እሱን ለመያዝ ዘብ አቁሟል፤ ዘቡ የሚያውቀው አሮጌውን ነው። አዲሱ ሲመጣ ፊቱን ባያውቀው ያሳልፈዋል፣ ደንበኛውም መስኮት ላይ ቆሞ ገጹ ይሰበራል። ኦብጀክት በፒክል አሽጎ ማስቀመጥ የለመደ ሰርቨር ከሆነም፣ ይህ ክላስ በዚያ ስም ከማገኘው ጋር አንድ አይደለም ብሎ እምቢ ይላል። ለኔ ይህ የፒክል እምቢታ ከሁሉም ምልክት የምወደው ነው፤ ቢያንስ እውነቱን በግልጽ ይናገራል።

ጥሪን በሰልፉ ላይ ወደሚቀጥለው ዘመድ ስለሚያስተላልፈው ስለ ሱፐር ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በዱሮው አጻጻፍ ሱፐር ሲጠራ የክላሱን ስም በቅንፍ እንሰጠው ነበር። ስሙ የሚፈለገው ከሞጁሉ ነው፤ ሞጁሉ ደግሞ ሪሎድ ከተደረገ በኋላ የሚያውቀው አዲሱን ነው። ስለዚህ አሮጌ ኦብጀክት በአሮጌ ሜተዱ ውስጥ ሆኖ አዲሱን ሒሳብ «ወላጄ» ይላል፤ ፓይተንም «አንተ የዚህ ዘር አይደለህም» ብሎ ታይፕኤረር ይወረውራል። ፓይተን 3 ሲመጣ ባዶ ቅንፍ ያለው ሱፐር መጣ፤ እሱ ስም አይፈልግም፣ ሜተዱ የተጻፈበትን ክላስ ከመጀመሪያው ይዞ ነው የሚኖረው። ብዙዎች «ተገላገልን» አሉ። እኔም ብዬ ነበር። ጩኸቱ ቀረ እንጂ ሁለቱ ሒሳቦች ሰልፉ ላይ አሉ! አሁን የአሮጌው ሒሳብ መነሻ ሜተድ፣ ኦብጀክት ሲፈጠር የሚሮጠው፣ ሱፐር ሲል የሚያገኘው አዲሱን ነው፤ መነሻው ሁለት ጊዜ ይሮጣል። በመነሻው ላይ የደብተር ቁጥር የሚሰጥ ከሆነ አንድ ደንበኛ ሁለት ቁጥር በላ ማለት ነው። ካልሆነም ለሁለተኛው ጥሪ የሚሰጠው አርጉመንት ጎድሎ ይወድቃል፤ እናንተም ማንም ያልነካውን መስመር እያያችሁ ራሳችሁን ትይዛላችሁ።

ከሁሉም ግን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። አንድ ባልደረባዬ፣ ደግ ልጅ ነው፣ በቁጠባ ቅንፍ ውስጥ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፤ ሒሳብን አስቀድሞ መዝጋቢን አስከተለ። ይህ በሕጉ ክልክል ነው። ቅንፉ ሒሳብ ይቅደም ይላል፤ መዝጋቢ ደግሞ የሒሳብ ልጅ ስለሆነ እኔ ልቅደም ይላል፤ ሲ3 ሁለቱን ማስታረቅ አይችልም። በሌላ ቀን ቢሆን ኮዱ ገና ሲነበብ ይወድቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሒሳብ ሪሎድ ተደርጎ መዝጋቢ አልተደረገም ነበር። አዲሱ ሒሳብ ከመዝጋቢ ጋር ዝምድና የለውም፤ ስለዚህ ጠብ የለም፣ ሰልፉ ወጣ፣ ሰርቨሩ ተቀበለ፣ ልጁም ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ መብራት ሄደ።

ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሰርቨሩ ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ሰርቨሩ አልነሳም፤ ሁሉም ፋይል ከዜሮ ሲነበብ ሒሳብ አንድ ሆነ፣ ጠቡም ተመለሰ። ያ ኮድ ሲሠራ ሁላችንም አይተነዋል፤ «ምንም አልተቀየረም» እያልን ነበር የምንማማለው። በግማሽ ሪሎድ የተደረገ ሰርቨር እንዲህ ነው፤ ዛሬ እየሮጠ መሆኑ ነገ እንደሚነሳ ማስረጃ አይሆንም። ለዚህ ነው አሁን የማማክራቸውን ሁሉ «ሰርቨራችሁን ለመጨረሻ ጊዜ ከዜሮ ያስነሳችሁት መቼ ነው?» ብዬ የምጠይቀው። ቀኑን የማያስታውስ ካለ፣ ከሌላው ጉዳይ በፊት እሱ ጋ እቀመጣለሁ።

ወደ ምርመራው። አጭር ነው። የተጠረጠረውን ኦብጀክት ያዙና ክላሱን፣ ከክላሱም ኤምአርኦውን አውጡ፤ እያንዳንዱን ዘመድ ከነሞጁሉና ከነመለያ ቁጥሩ አትሙ። አንድ ስም ሁለት ጊዜ ከታየ አለቀ፤ ምርመራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሰልፉ ደህና ሆኖ ጥርጣሬው ካለቀቃችሁ፣ ኦብጀክቱ የያዘው ክላስና ሞጁሉ ውስጥ በዚያ ስም አሁን የሚገኘው ክላስ አንድ መሆናቸውን አነጻጽሩ። ሰፋ አድርጋችሁ ማየት ስትፈልጉ ደግሞ ጋርቤጅ ኮሌክተሩን በሜሞሪ ውስጥ ያሉትን ክላሶች ሁሉ ጠይቁት፤ በአንድ ሞጁል አንድ ስም ከአንድ በላይ ክላስ ካለ ዘርዝሩ። ከመቁጠራችሁ በፊት ግን ቆሻሻውን እንዲሰበስብ እዘዙት፤ ክላስ ራሱን በክብ ስለሚጠቅስ የሞተውም ለጊዜው ያለ ይመስላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሪሎድ ሳይኖርም ይኸው በሽታ ሊገኝባችሁ ይችላል። አንድ ፋይል በሁለት የሞጁል ስም ከተጠራ፣ ለምሳሌ እንደ ዋና ፕሮግራም ከተነሳ በኋላ ሌላ ፋይል በራሱ ስም ኢምፖርት ካደረገው፣ ሁለት ጊዜ ይፈጸማል፤ ክላሶቹም መንታ ይሆናሉ።

ምን ይደረግ? ሪሎድን የግድ መጠቀም ካለባችሁ ቤተሰቡን በሙሉ ነው፤ ከአያት ጀምሮ ወደ ልጅ። ሒሳብ፣ ከዚያ መዝጋቢ፣ ከዚያ ቁጠባ። «ይህን አልነካሁትም» የሚባል ነገር የለም፤ ወላጁ ከተነካ ልጁ ተነክቷል። እርስ በርስ ኢምፖርት የሚደራረጉ ሞጁሎች ካሉ ግን ትክክለኛ ቅደም ተከተል አይገኝም፤ መጀመሪያ እሱን ፍቱ። አሮጌዎቹን ኦብጀክቶች ወደ አዲሱ ክላስ ማዛወር ይቻላል፤ ፓይተን የኦብጀክትን ክላስ በእጅ ለመቀየር ይፈቅዳል። ሆኖም መነሻ ሜተዱ ዳግም ስለማይሮጥ፣ አዲሱ ክላስ የሚጠብቀው መስክ አሮጌው ኦብጀክት ላይ አይኖርም። ስሎት ያላቸው ክላሶች ላይ ደግሞ አቀማመጣቸው ከተለያየ ጭራሽ እምቢ ይላል።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ከመሠረቱ አስበውበታል። በኮመን ሊስፕ ክላስ እንደገና ሲጻፍ ያው ክላስ ነው የሚታደሰው፣ ልጆቹና ኦብጀክቶቹም ይከተሉታል። የኤሪክሰን ልጅ የሆነው ኧርላንግ የአንድን ሞጁል ሁለት እትም ጎን ለጎን ያኖራል፤ ሦስተኛው ሲመጣ በአንደኛው ላይ የቀረ ፕሮሰስ ይገደላል። ጨካኝ ሕግ ነው፤ ግን የታወቀ ሕግ ነው። ፓይተን ይህ ሁሉ የለውም፤ ሪሎዱ ለሙከራና ለጨዋታ ደህና ነው፣ የሰው ገንዘብ ላይ ግን አላስጠጋውም። ይህ የኔ ፍርድ ነው፤ የማይስማማ ካለ በውይይቱ ሰዓት እንከራከር።

እኔ የማደርገው ኮዱን ትቶ ፕሮሰሱን መቀየር ነው። ጉኒኮርን የተባለው የፓይተን ዌብ ሰርቨር ሀፕ የሚባለውን ሲግናል ሲቀበል አዳዲስ ሠራተኛ ፕሮሰሶችን ያስነሳና አሮጌዎቹ የያዙትን ጨርሰው እንዲወጡ ያደርጋል፤ ደንበኛው የሚያየው ነገር የለም። አፕሊኬሽኑን አስቀድሞ የሚጭነውን ቅንብር ካበራችሁ ግን ሲግናሉ ኮዱን አያድስም፤ ስንቱን ሲያደናግር አይቻለሁ። የጃንጎ የልማት ሰርቨርም ፋይል ሲነካ ሪሎድ አደረግሁ ይበል እንጂ የሚያደርገው ፕሮሰሱን ከዜሮ ማስነሳት ነው። «የኔ ሰርቨር ግንኙነቶችን ይዞ ነው የሚኖር፣ ማቋረጥ አልችልም» የሚል ካለ ኤቨኒያን ይይ። በፓይተን የተሠራ የጽሑፍ ጨዋታዎች ሰርቨር ነው። ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል፤ አንዱ ፕሮሰስ የተጫዋቾቹን ግንኙነት ይዞ በር ላይ ይቆማል፣ ሌላው የጨዋታውን ኮድ ይዞ ጓዳ ይገባል። ሪሎድ ሲባል የጓዳው ሞቶ ይነሳል፤ ተጫዋቹ በር ላይ ካለው ጋር እንደተያያዘ ነው። እኛም ያንን የቁጠባ ሰርቨር በስተመጨረሻ በዚሁ መልክ ከፈልነው፤ የጓዳዋን በርም በምስማር መታናት።

አሁን ላፕቶፑን ልክፈት፤ ሦስቱን ፋይሎች በፊታችሁ እጽፋለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ። መዝጋቢን ሳልነካ፣ ሒሳብንና ቁጠባን በተከታታይ አሥር ጊዜ ሪሎድ ባደርግ፣ በመጨረሻው ቁጠባ ሰልፍ ላይ ስንት ሒሳብ ይገኛል? አሥራ አንድ የምትሉ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። ሁለት የምትሉስ? እዚያ ጥግ ያለሽው፣ ነይ፣ ኪቦርዱን አንቺ ያዥው።